ልጆች ያንኑ መጽሐፍ ደጋግመው ያንብቡ

ሰዎች በልጅነታቸው ስለወደዷቸው መጻሕፍት ሲያወሩ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። የሚያነሱት መጽሐፍ አንድ ጊዜ አንብበው የተለዩት አይደለም። ሽፋኑ እስኪላቀቅ ያገላበጡት፣ ከየትኛው ገጽ ቀጥሎ የትኛው ሥዕል እንደሚመጣ በቃላቸው የያዙት፣ አዋቂ ሲያነብላቸው አንዲት ቃል ከዘለለ ወዲያው የሚያርሙበት መጽሐፍ ነው። በዚያው ዕድሜ እጃቸው የገቡ የሌሎች መጻሕፍት ርዕስ እንኳ ትዝ አይላቸውም። የልጅነት መጽሐፍ የምንለው በአብዛኛው በድግግሞሽ የተሠራ ከሆነ፣ ዛሬ ልጆችን ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው እያጣደፍን የምናሳልፍበት አካሄድ ሊያሳስበን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጥድፊያው ከክፉ ሐሳብ የመነጨ አይደለም። ወላጅ ማታ ሊያነብ ሲቀመጥ ልጁ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የተነበበለትን መጽሐፍ መልሶ ሲያመጣበት ጊዜው የባከነ ይመስለውና «ይህን እኮ ጨርሰነዋል፤ ዛሬ አዲስ እንጀምር» ይላል። መምህራንም የንባብ ፍቅር ለማሳደር ሲሉ ብዙ መጽሐፍ ላነበበ ሽልማት ያዘጋጃሉ፤ ለዚህም የመጽሐፉ ርዕስ፣ የደራሲው ስምና የገጹ ብዛት የሚሞላበት መዝገብ ለየልጁ ይሰጣሉ። እንዲህ ባለው መዝገብ ላይ አንድን መጽሐፍ ለአራተኛ ጊዜ ያነበበ ልጅ የሚጽፈው ነገር የለውም። በቅርብ የማውቃት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ዓሣ ነባሪዎች የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ ይዛ ሳምንታት ከከረመች በኋላ፣ መዝገቧ ባዶ ሆኖ በመገኘቱ ብቻ የንባብ ልማድ እንደሌላት የሚገልጽ ማሳሰቢያ ለወላጆቿ ተላከ። ልጅቷ ግን ዓሣ ነባሪ አየር ለመሳብ ወደ ውኃው ገጽ እንደሚወጣ፣ ጅራቱም እንደ ዓሣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ዝርያ ጥርስ እንዳለውና የትኛው እንደሌለው ለይታ ስታስረዳ የሚሰማት አዋቂ ሁሉ ይደነቃል። ያን ያህል ዕውቀት በአንድ ንባብ አይገኝም፤ መዝገቡ ሊያየው ያልቻለውም ይህንኑ ነበር።

ልጆች ድግግሞሽን የሚሹት ከስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ የሦስት ዓመት ልጆችን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ያንኑ ታሪክ ደጋግመው፣ ለሌላው ወገን ደግሞ የተለያዩ ታሪኮችን አነበቡላቸው። በታሪኮቹ ውስጥ ልጆቹ ከዚያ በፊት ሰምተዋቸው የማያውቁ የዕቃ ስሞች ገብተው ነበር፤ እነዚህንም ስሞች ሁለቱም ወገኖች እኩል ጊዜ ሰምተዋቸዋል። በኋላ ሲጠየቁ ቃላቱን አጥርተው ይዘው የተገኙት ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ልጆች ናቸው። አዲስ ታሪክ በቀረበለት ቁጥር ልጁ ማን ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለመከተል ሐሳቡን ሁሉ ያውላል፤ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ግን ያ ሸክም ስለቀለለለት ትኩረቱን ወደ ቃሉ ማዞር ይችላል። ለነገሩ የሚታወቅ ታሪክን መውደድ ከዚህም እጅግ ቀደም ብሎ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ አንድ ጥናት ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሳምንታት አንድን የልጆች ታሪክ በየቀኑ ድምፃቸውን እያሰሙ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር፤ ሕፃናቱ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲፈተኑ፣ በአፋቸው የተደረገላቸውን ባዶ ጡጦ የሚጠቡበትን ሁኔታ በመለዋወጥ ከእንግዳው ታሪክ ይልቅ የሚያውቁትን ለመስማት መርጠዋል።

እኔ በልጅነቴ ከሁሉ አብልጬ እወደው የነበረው መጽሐፍ በትንሽ ጀልባ ወንዝ ተከትሎ ስለሚጓዝ አንድ ልጅ የሚተርክ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ ልጁ ብቻውን እንደሄደ በተደጋጋሚ ይናገራል፤ እኔም ብቻውን መሆኑን አምኜ ብዙ ጊዜ አዝኜለታለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሌሊቱን በሚያሳየው ሥዕል ጥግ፣ በወንዙ ዳር ካለው ሸንበቆ መካከል፣ ሁለት የውሻ ጆሮዎች አየሁ። ደንግጬ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ አንድ በአንድ ስፈልግ ውሻው በሁሉም ሥዕል ላይ አለ፤ አንዴ ከድንጋይ ጀርባ፣ አንዴ ከድልድይ በታች፣ አንዴም ጭራው ብቻ እየታየ ጀልባውን በዳር በዳር ይከተላል። ስለ ውሻው ጽሑፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጽሑፍ የሚለውና እውነቱ ሊለያዩ እንደሚችሉ፣ አንባቢም ባለታሪኩ የማያውቀውን ሊያውቅ እንደሚችል የተረዳሁት በዚያች ቀን ነው። የመጽሐፉ ሠዓሊ ያን ውሻ የሣለው መጽሐፉን አንድ ጊዜ አይቶ ለሚያስቀምጥ ልጅ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

የልጆችን የዓይን እንቅስቃሴ የተከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ገና ፊደል ያልለዩ ልጆች መጽሐፍ ሲነበብላቸው የሚያዩት ሥዕሉን ነው፤ ዓይናቸው በጽሑፉ ላይ የሚያርፈው ከስንት አንዴ ነው። አዋቂው መስመሩን ጨርሶ ገጹን ሊገልጥ ሲል ልጁ ገና የሥዕሉን ግማሽ አላየም ማለት ነው። በማግስቱ ያንኑ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ለአዋቂው የተነበበ መጽሐፍ ነው፤ ለእሱ ግን ያልተጨረሰ ነው።

ለልጆች ከጻፉት መካከል ይህን አስቀድመው የተረዱ አሉ። እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ስለ ጥንቸሉ ፒተር የጻፈችውን ታሪክ አሳታሚዎች ሳይቀበሏት ሲቀሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በራሷ ወጪ 250 ቅጂ አሳትማለች፤ በማግሥቱ ዓመት አሳታሚ ባገኘ ጊዜም መጽሐፉ በትናንሽ እጆች የሚያዝ ትንሽ ሆኖ ቀረ። ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም፤ ልጅ አዋቂ ሳይለምን ራሱ አንሥቶ፣ ራሱ ገልጦ፣ በፈለገው ገጽ ላይ የፈለገውን ያህል ሊቆይበት የሚችለው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀደድ ተብሎ የተቀመጠ ያማረ መጽሐፍ ይህን ዕድል አያገኝም፤ አንዱ ታሪክ ሲያልቅ ቀጣዩን ወዲያው በሚደቅን የስልክ መተግበሪያም ላይ የሚገኝ አይመስለኝም።

በጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ላይ የደረሰውም ሊነሣ የሚገባው ነው። ፒኖኪዮ ስለተባለው የእንጨት አሻንጉሊት የጻፈውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1881 በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ማውጣት ሲጀምር፣ አሻንጉሊቱ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ታሪኩን በዚያው ዘግቶት ነበር። ትናንሽ አንባቢዎቹ ግን ይቀጥል ብለው አጥብቀው ጠየቁ፤ ኮሎዲም ወደ ሥራው ተመልሶ እስከ 1883 ድረስ ጻፈው። ሰማያዊ ጠጉር ያላት ልጅ ፒኖኪዮን ከዛፉ አስወርዳ የምታድንበትና አሻንጉሊቱ በመጨረሻ እውነተኛ ልጅ የሚሆንበት ክፍል የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በቃ ብሎ የወሰነው አዋቂው ነበር፤ ገና ነው ያሉት ልጆቹ ናቸው፤ ትክክለኞቹም እነሱ ነበሩ።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ የሚያድግ ልጅ ዓለሙ ይጠብበታል የሚሉ ሰዎች ስጋታቸው መሠረት አለው። አንድ መጽሐፍ የሚይዘው የቃላት ብዛት ውስን ነው፤ ልጅም ከራሱ ሕይወት የራቀ ብዙ ሕይወት ማየት አለበት። ይሁን እንጂ አዲሱ መጽሐፍ ከአሮጌው ጎን ይቀመጥ እንጂ አሮጌውን አያስነጥቅ። ያንኑ ገጽ በየማታው ማንበብ አዋቂን እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ሲሰለች ልጁ ራሱ ሥዕሉን እያየ እንዲተርክ ቦታ መልቀቅ ይቻላል። በልጅነታችን የወደድነውን መጽሐፍ ፈልገን ገዝተን ስናቀርብላቸው ልጆቻችን ፊት ቢነሱትም ልንቀየም አይገባም። እኛ የምንወደው ስለደጋገምነው ነው፤ እነሱም የሚደጋግሙትን ራሳቸው መምረጥ አለባቸው።

ከትምህርት ቤቶች የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በንባብ መዝገቡ ላይ «ስንተኛ ጊዜ» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ ሦስተኛው ንባብም እንደ መጀመሪያው ይቆጠር። ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የሚያውሱትን መጽሐፍ ሌላ ፈላጊ እስካልመጣ ድረስ ደጋግመው እንዲያድሱ ይፍቀዱ። በመዋዕለ ሕፃናትም ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አዲስ ታሪክ ከማንበብ አንዱን ታሪክ ሳምንቱን ሙሉ ማንበብ፣ ዓርብ ዕለትም መጽሐፉን ለልጆቹ ሰጥቶ እነሱ ለመምህራቸው እንዲተርኩ ማድረግ ይቻላል።