ማስተካከያ፦ ስለ ወይዘሮ ራሄል ካሎፍ የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ስለ አንዲት አይሁዳዊት አያት ጽፌ ነበር። ከዛሬዋ ዩክሬን ተነስተው አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ስለሰፈሩት ስለ ወይዘሮ ራሄል ካሎፍ። ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«አምስት ዓመት መሬቱ ላይ ኖረው ከተማ ገቡ» ብያለሁ። ልክ አይደለም። አምስት ዓመት በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች ሕግ የጠየቀው ጊዜ ነው። ሰፋሪው እስከ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) በስሙ ለማዞር ያን ያህል መኖርና ማረስ ነበረበት። ወይዘሮ ራሄል ግን በ1894 ሄደው እስከ 1917 እዚያው ቆይተዋል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 23 ዓመት ማለት ነው! ዘጠኝ ልጆችም ወልደዋል። ያን ሁሉ ልፋት አሳጥሬ መጻፌ በጣም ቆጭቶኛል።

የመጀመሪያዎቹን የበረዶ ወራት ብቻ እንኳ አስቡት። ማገዶ ለመቆጠብ ሲባል ሙሽሮቹ ከባልየው ቤተሰብ ጋር በአንዲት ጠባብ ጎጆ ታጭቀው ከረሙ። ዶሮዎቹና ጥጃውም እዚያው ናቸው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ የሚነደው ኩበት ነው። የኩበት ጭስ የሚያውቅ ሰው ያቺን ክፍል ለመገመት አይቸገርም።

ሁለተኛው ስህተቴ፣ ትዝታቸውን በእንግሊዝኛ እንደጻፉ አድርጌ ማቅረቤ ነው። የጻፉት በይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) ነው፤ የጀመሩትም በ1936፣ አያት ከሆኑ በኋላ። እንግሊዝኛው መጽሐፍ የታተመው በ1995 ነው፤ እሳቸው ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። ስለዚህ «የራሳቸው ቃል» ብዬ የጠቀስኩት ትርጉም ነበር።