ስድስተኛ ክፍል የት ይግባ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዲሴምበር ላይ ልጆች ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች በዕጣ የሚመደቡበት የማይ ስኩል ዲሲ ሎተሪ ሲከፈት ስልኬ ዕረፍት የለውም። «የትኛው ቻርተር ይሻላል?» ይሉኛል ልጃቸው ሚድል ስኩል የሚገባ ወዳጆቼ፤ ቻርተር የሚሉት ራሱን ችሎ የሚተዳደረውን ትምህርት ቤት ነው። ወዲያው ፐርሰንት ማወዳደር ይጀመራል።

ፐርሰንቱ የሚመጣው ዲሲ ኬፕ ከሚባለው የዓመቱ ፈተና ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን ሰው የሚጠቅሰው 4 እና 5 ያገኙትን ብቻ ነው። ከ1 ተነስቶ 3 የደረሰው ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋው፣ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። አምና ከአዲስ አበባ መጥቶ ሒሳቡን እያወቀው የጥያቄው እንግሊዝኛ የጣለውም እንደዚያው።

አንድ ቻርተር ሄጄ አይቻለሁ። ሕንፃው ድሮ ቢሮ ነበር። ጂም ስለሌለው ልጆቹ ስፖርት የሚሠሩት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ላይብረሪ የሚሉት ኮሪደር ላይ የቆሙ ሁለት መደርደሪያዎች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ሳወጣ ጀርባው በፕላስተር ተጣብቋል። ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የሒሳብ መምህሩ ጃንዋሪ ላይ ለቅቆ ሰባተኛ ክፍሎች እስከ ጁን በተተኪ መምህር መማራቸውን ስሰማ ነው። ያ ክፍል በፈተናው ዝቅ ቢል ማን ይገረማል? ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም።

ቻርተር የግል ትምህርት ቤት የሚመስለው ሰው አሁንም ብዙ ነው። አይደለም፣ የሕዝብ ነው። ክፍያ የለውም፤ ከተማው በተማሪ ቁጥር ይከፍለዋል፣ ለሕንፃም በነፍስ ወከፍ ይሰጠዋል። እንግሊዝኛ እየተማረ ላለ ልጅ ደግሞ ጭማሪ አለ። እና ያ ጭማሪ በእኛ ልጆች ስም ነው የሚገባው! የት እንደዋለ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች ክፍት በሚሆኑበት ቀን፣ ኦፕን ሃውስ፣ ስትሄዱ ፐርሰንቱን ተዉትና አምና ስንት መምህር እንደለቀቀ፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ስንት መምህር እንዳለ፣ ዝቅ ብለው የገቡት በዓመት ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ በሉ፣ ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙት። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ መብት ነው፣ ውለታ አይደለም። «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ካሏችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ስጧቸው። በሳምንቱ ካልደወሉ እናንተ ደውሉ፤ የማመልከቻው ጊዜ የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው።