ባነሩ ይቅደም!

ደሴ ላይ ንግግር ለማቅረብ የቆረጠ ጀግና ሥራውን ከጫፉ ይጀምራል፤ እኛም ይህን ድፍረት ሳናመሰግን ብናልፍ ነውር ነው። መጀመሪያ ባነር ያሳትማል፤ በክራቫት የተነሳው ፎቶ፣ ከጎኑ «የስኬት ምስጢር»። ቀጥሎ ሰባ ስላይድ። ከዚያ ፒያሳ አካባቢ አዳራሽ። ርዕሱን የሚፈልግ ሰው መኖር አለመኖሩ ፕሮጀክተሩ ሲበራ ይታያል፤ ምን ያስቸኩላል?

ፈሪዎችም አሉ። ፈሪ አንድም ስላይድ ሳይነካ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ ለማን ነው፣ የትኛውን ችግር ይነካል፣ አድማጩ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል። «የገንዘብ አያያዝ» ማለት ሲችል «ሰኞ ገበያ በዱቤ ለሚሸጡ ነጋዴዎች፦ ደንበኛ ሳያስቀይሙ ዱቤ መሰብሰብ» ብሎ ርዕሱን ያጠብበዋል። የኛ ጀግና ከተማሪ እስከ ጡረተኛ «ለሁሉም» ነው የሚናገረው። እዚሁ ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽስ ስሙ «አይጠየፍ» አይደል፣ ማንንም የማይንቅ? እርግጥ ንጉሡ ሰው የሰበሰቡት ግብር አብልተው ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

ፈሪው ያችን ወረቀት ይዞ አሥር ነጋዴ ጋ ይዞራል፤ ዘመድና ጓደኛ አይቆጥርም። «ባቀርብ ትመጣለህ?» አይልም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ «አልመጣም» ያለ ሰው የት ተገኝቶ! «አብሽር! ምን ጥያቄ አለው፣ ማሻአላህ ነው እንጂ!» ይባላል፤ ይህ ምርቃት ነው፣ ወንበር አይሞላም። ስለዚህ ፈሪው ያለፈውን ይጠይቃል፦ «ባለፈው ወር ሳይከፈልህ የቀረ ዱቤ አለ? ምን አደረግህ?» ሰውየው ሚዛኑን ትቶ ስም እየጠራ መማረር ከጀመረ ርዕሱ ነፍስ አለው። «እሱስ አለ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ወደ በርበሬው ከተመለሰ የለውም።

ከዚያ ነውረኛው ነገር ይመጣል፦ ቀብድ። ሃምሳ ብር፣ በስም፣ ንግግሩ ከቀረ ተመላሽ። ስምንት ሰው መርቆ አንድ ሰው ከከፈለ ፈሪው «አንድ» ብሎ ይጽፋል። ይባስ ብሎ «ከአሥሩ ሦስት ካልከፈሉ ርዕሱን እቀይራለሁ» ብሎ የጻፈው ከመዞሩ በፊት ነው፤ ከዞረ በኋላ ልብ መከራከር ትጀምራለችና። ሲቀይርም ርዕሱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ቀኑንና ዋጋውንም አብሮ ከነካ የትኛው እንዳስከፈለ ማን ይነግረዋል?

ገንዘብ መጠየቅ የከበደው ደግሞ ቡና ላይ ይሞክራል። አቦል ላይ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርግና ዝም ይላል። በረካ እስኪደርስ ሌላ ሰው ራሱ መልሶ ካላነሳው ያ ሐሳብ ከአተላው ጋር ይደፋል። ሰባ ስላይድ ለመግደል ሦስት ስኒ ቡና! እንዴት ያለ ጭካኔ ነው?

ጀግናችን ግን መልስ አለው፦ «ባለፈው አዳራሹ ሞልቶ አልነበር?» ሞልቶ ነበር። አበል ነበረ፣ የሻይ እረፍት ነበረ፣ ሰርተፍኬት ነበረ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጥምዝምዝ ወጥቶ የመጣው ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ ለማወቅ ተንኮለኞች አንድ ዘዴ አላቸው፦ አበሉ ጠዋት ይከፈልና ከምሳ በኋላ የተረፈው ሰው ይቆጠራል። አዘጋጆቻችን ይህን ስለሚያውቁ የአበል ፊርማውን ወደ አሥር ሰዓት ይገፉታል። ጨዋነት ማለት ይህ ነው፤ ተናጋሪው ማን ሊሰማው እንደመጣ ሳያውቅ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

ባነሩም አይጣል። ቀኑ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፍበትና ለኮምቦልቻው ዙር ይወርዳል።