መጽሐፍ ደባቂዎቻችን ይኑሩልን

ለመጽሐፍ የሚሳሳ ሰው ጠፋ የምትሉ፣ ፈተና ሲቃረብ ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ብቅ በሉ። አንዱ ጀግና የቤተ መጻሕፍቱን የአናቶሚ (የሰው አካል ጥናት) መጽሐፍ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ፣ የከብት እርባታ መደርደሪያ ላይ ከወፋፍራሞቹ ጥራዞች ጀርባ ሲያስተኛው ታያላችሁ። እናት ልጇን እንዲህ ተጠንቅቃ አታስተኛም።

«ታዲያ ለምን አይዋሰውም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ቢዋሰውማ ስሙ ይመዘገባል፣ የመመለሻ ቀን ይቆረጥለታል፣ ቀኑን ካሳለፈ ይቀጣል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ሌላው ተማሪ ካታሎጉን፣ ማለትም የመጻሕፍቱን ዝርዝር፣ በስልኩ ከፍቶ መቼ እንደሚመለስ አይቶ ተራ ይጠብቃል። ደባቂያችን ትሑት ነው፤ ስሙ እንዲነሳ አይሻም። ስለዚህ ካታሎጉ ዓመቱን ሙሉ «መደርደሪያ ላይ አለ» እንዳለ ይከርማል። ደግሞ አልዋሸም! መደርደሪያ ላይ ነው። የቱ መደርደሪያ የሚለው የደባቂውና የፈጣሪው ጉዳይ ነው።

ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. የዓለምን ዕውቀት ከአሥር ከፍሎ፣ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚሰለፉበትን ቁጥር ሰጠው። የሰው አካል 611፣ እንስሳት እርባታ 636፣ ንብ ማነብ 638። ምስኪን! 611 ሄዶ 638 አጠገብ እንደሚያድር በሕልሙም አልታየው። የእኛ ልጆች አሳዩት። የትምህርት ክፍሎች ተቀራርበው ይሥሩ እየተባለ ስንት ስብሰባ የተቀመጠበት ነገር፣ ይኸው በአንድ ደባቂ ተሳካ።

ፍሬሽ ተማሪዋ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይዛ «ጋሼ፣ አለ ይላል እኮ» ስትል፣ ሠራተኛው ቀና ሳይሉ «ካለ አለ ነው ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ፈልጊ» ይሏታል። ትፈልጋለች። አናቶሚውን ባታገኝም ስለ ቀፎ አሠራር አንድ ምዕራፍ አንብባ ትወጣለች። ይህ ሁሉ ዕውቀት በነጻ!

የደባቂው ደግነት በዚህ አያበቃም። ሲመረቅ ክሊራንሱን በደቂቃ ያስፈርማል፤ ምንም አልተዋሰማ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ሻንጣውን ከማንሳቱ በፊት ታዲያ ጁኒየር የአገሩን ልጅ ጠርቶ ሹክ ይለዋል፦ «ከንቡ ቀጥሎ፣ ከታች፣ ከጀርባ።» እንዲህ ያለ ውርስ ፍርድ ቤትም አያስኬድ።

የጥንት ጸሐፍት ብራናው ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ብለው የሰረቀውንም የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዙ ነበር። የእኛ ሰው በየት በኩል ይነካዋል? አልሰረቀ፣ አልፋቀ። (የፈለጋትን ምዕራፍ በምላጭ ቆርጦ የሚሄደው ሌላ ነው፤ የእሱ ውዳሴ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

እንግሊዞችስ ቢሆኑ? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ወስደው መቅደላ ያከማቿቸውን ብራናዎች በ1860 ዓ.ም. ጭነው ለንደን አስገቡ። እስከዚህ ድረስ ጎበዞች ናቸው። ከዚያ ግን ምን አደረጉ? ካታሎግ አሳትመው የቱ ብራና በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ለዓለም ዘረገፉት! ወስዶ ቦታውን መናገር ምን ይሉታል? መጽሐፉን ከሕንጻው ሳያስወጡ ማጥፋት የሚባለው ጥበብ ገና ለንደን አልደረሰም።