ለ10 ሰው ላክ

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው። «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ላክ። በ3 ቀን ውስጥ ደስ የሚል ወሬ ትሰማለህ። አንድ ሰውዬ ንቆ ሳይልክ ቀርቶ...» የቀረውን ልተወው፤ የሰውዬው መጨረሻ አላማረም።

ሳቅኩ። ሒሳብም መታሁ። ሁሉም ለ10 አዲስ ሰው ቢልክ፣ 10ኛው ዙር ላይ 10 ቢሊዮን ሰው ያስፈልጋል። በምድር ላይ ያለነው 8 ቢሊዮን ገደማ ነን። ጉድለቱን እንግዲህ መላእክት ይሙሉት። ስልኩን አስቀምጬ ጋደም አልኩ። ያ ንቆ የቀረ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ላኩ። (እንደውም ለ11። አንዱ ባያየውስ?)

ማስረጃ አልጠየቅኩም። የላኩት አክስቴ ናቸው፣ አለቀ። ከማላውቀው ቁጥር ቢመጣ ኖሮ አጭበርባሪ ነው ብዬ እዘጋው ነበር። በክርክር ተረትቶ እምነቱን የቀየረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ተረትቶ ያኮረፈ ግን ሞልቷል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ እርግቦች ጽፎ ነበር። የተራቡ እርግቦችን ለየብቻ ሳጥን ውስጥ አስገባ። ምንም ያድርጉ ምን፣ ምግቡ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። አንዷ ክብ እየሠራች መዞር ጀመረች። ሌላዋ ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች። ከ8ቱ 6ቱ የየራሳቸውን ሥርዓት አበጁ። እርሱ እንዳለው፣ ምግቡን ያመጣው የእነሱ እንቅስቃሴ የሆነ ያህል ነበር የሚያደርጋቸው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ትርጓሜውን ተከራክረውበታል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ እርግብ አክስት ስለሌላት እንጂ ይኼኔ ስምንቱም ይዞሩ ነበር።

የተባለው ሳይሆን ሲቀርስ? ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ ተከታዮች፣ ጌታ በኦክቶበር 22 ቀን 1844 ይመጣል ብለው ጠበቁ። ሰብሉን ሳያጭድ የተወ ሁሉ ነበር። ነጋ። ብዙዎች አዝነው ተበተኑ። ጥቂቶች ግን ቁጭ ብለው አሰቡና «ቀኑስ ልክ ነው፤ የሳትነው በዚያ ቀን የሚሆነውን ነው» አሉ። የተፈጸመው በሰማይ ነው፣ ለዚህ ነው ያላየነው። ከእነዚህ ጥቂቶች የወጣው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት።

የእኔም 3ኛ ቀን ደረሰ። ወሬ የለም። ማታ አክስቴ ደወሉ።

«ላክህ?»

«ልኬያለሁ። ግን ምንም የሰማሁት ወሬ የለም።»

«ጤናህ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ወሬ ፈለግህ!»