ስለ ሚኒማሊስት ፒያኖ ሙዚቃ፦ እርማት
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው ካፌ ይህ በጥቂት ኖታዎች ድግግሞሽና በዝግተኛ ለውጥ የሚሠራ ሙዚቃ ሲከፈት ግማሹ ደንበኛ እንደሚመሰጥ፣ ግማሹም እንደሚሰለች ከገለጹ በኋላ፣ «ጥቂት ኖታ የሚደጋገምበት ስለሆነ ማንም ጀማሪ ይጫወተዋል» ማለትዎ፣ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በደረሰው «ፒያኖ ፌዝ» ሁለት ተጫዋቾች ባለ 12 ኖታ ሐረግ እኩል መጫወት ይጀምሩና፣ አንደኛው ፍጥነቱን ሳይለውጥ ሌላኛው በጥቂት በጥቂቱ እየፈጠነ በአንድ ኖታ ይቀድመዋል፤ ይህን ሳይዛነፉ መጫወት እንኳን ለጀማሪ ለሠለጠነም ይከብዳል። እርግጥ ነው፣ የኢስቶኒያዊው የሙዚቃ ደራሲ የአርቮ ፔርት የፒያኖ ድርሰት «ፉር አሊና» (እ.ኤ.አ. 1976) ለጣት አያስቸግርም፤ ነገር ግን ዝግታው እያንዳንዱን ምት ስለሚያጋልጥ ጉድለትን አይሸሽግም። መሰልቸት የጣዕም ጉዳይ በመሆኑ አልከራከርዎትም፤ የአጨዋወቱ ክብደት ግን በአድማጭ ስሜት አይለካም።