የመስታወት ፀሐይ ውዳሴ

ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ፀሐይ ሳትለምን ታገኛለች። እንዲህ ባለ አገር ልጅን ለቫይታሚን ዲ እጥረት ማብቃት ቀላል ሥራ አይደለም። የሰሜን አውሮፓን ሰው ጨለማው ክረምት ያግዘዋል፤ እኛ ግን በገዛ ጥረታችን ነው የደረስንበት። ሙያ ነው!

ሕፃኑ ፀሐይ የሚሞቀው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ «ለስላሳዋ» ትሻላለችና። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጨረሯ ረጅም አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ፣ ለቆዳ ቫይታሚኑን የሚያሠራው ዩቪቢ የተባለው ጨረር መንገድ ላይ ይቀራል። ሙቀቱ ይደርሳል፣ ሠራተኛው አይደርስም። ጥላህ ከቁመትህ ከረዘመ ቆዳህ እምብዛም አይሠራም። ጥላ የሚያጥረው ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ ያኔ የእኛ ሕፃን ምች እንዳይመታው ከገባ ቆይቷል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን መስኮቱ ነው። ብርድም የሰው ዓይንም እንዳያገኘው ልጁ ከመስታወት ጀርባ ይሞቃል። ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ከሞላ ጎደል ውጦ ያስቀረዋል፤ ሕፃኑ ላብ በላብ ይሆናል፣ ቫይታሚን የለም። በዚያ ላይ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ጋቢ። የቀረው አፍንጫ ብቻውን የመላ አካሉን አጥንት እንዲያጠነክር ተፈርዶበታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ጥቁረቱን የሚሰጠው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ጨረሩን ስለሚሻማበት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይፈልግ! የጤና ባለሙያ «ደጅ አውጡት፣ ዓይኑን ከልሉ፣ እጅ እግሩን ግለጡ፣ ቆዳው ሳይለበለብ አስገቡት» ቢል፣ እትዬ እገሌ ስንት ልጅ አሳድገዋል!

የእናት ጡት ወተት ሌላው ብዙው ቢሞላለትም ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል፤ እናቲቱ መጋረጃ ዘግታ ከከረመች ደግሞ ይብሳል።

የእጥረቱ ፍሬ፣ ሪኬትስ የተባለው የልጆች አጥንት መላላት፣ ያምራል። እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ የእጅ አንጓ ይወፍራል፣ የጎድን አጥንት ጫፎች እንደ መቁጠሪያ ይደረደራሉ። ቆሞ መሄድ ሲጀምር እግሩ ይቆለመማል፤ ጎረቤትም «ወፍራም ስለሆነ ነው» ይላል። ደረቱ ላልቶ የሳንባ ምች ሲደጋግመው «ያኔ ደጅ ስላወጣችሁት ነው» ይባልና ሌላ ጋቢ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1919 በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አድኗል። ምስኪን፣ የጎንደርን ፀሐይ ቢያገኝ ምን ባደረገ!

ጠብታም አለ፤ ለጨቅላ በቀን 400 ዩኒት፣ ማለትም 10 ማይክሮግራም። እዚህም ሙያችን አይጎድልም። አንዱ ጠርሙስ 400ውን ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው በ1 ጠብታ ይይዛል። የሁለተኛውን መድኃኒት በመጀመሪያው መስፈሪያ የሰጠ ሰው ብዙ እጥፍ ያጠጣል፤ በደም ውስጥ ካልሲየም ያሻቅባል፣ ልጁ ያስታውካል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ግን ምን ያደርጋል? የጎረቤት ልጅ በማንኪያ ጠጥቶ ምንም አልሆነም ተብሏል።